ለቅሶ የጠራው የቅጥር ቪዲዮ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንግባባ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጄን ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ሁሉ ሰው ባንድ ቀን እንዴት ሆነ?» የሚሉኝ አሉና ነው። ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው። ድሉም የኔ ነው፤ ጥፋቱን ብቻ ተሸክሜ ድሉን ለሌላ ሰው የምተው የዋህ እንዳልሆንኩ ከአሁኑ እወቁልኝ።

ሥራዬ ቡሬ ውስጥ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ማዕረጉ ሲጠሩት አፍ ይሞላል፤ ያኔ ግን ኃላፊው ነበርኩ እንጂ ሰው አልነበረኝም። ፋብሪካችን ሁለት የማምረቻ መስመር አለው። አንደኛው ይሠራል። ሁለተኛው አዲሱ ማሽን ከገባ ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው አርባ ሠራተኛ ጠፍቶ እንዲሁ ቆሞ ነበር። ማስታወቂያ ያልለጠፍኩበት የመብራት ምሰሶ የለም። የፍኖተ ሰላም መናኸሪያን ግድግዳ እንኳ አልማርኩትም። የከተማው ወጣት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካልሆነ ወይ ፍንክች አለ። የገጠሩ ደግሞ ፈራን። «ማሽኑ ሰው ይበላል» የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር።

ወሬውን ማን አስነሣው? እኔው ነኛ! ሠራተኛው እንዲጠነቀቅ ብዬ በዋናው በር ላይ፣ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሬ፣ እጁን ማሽን የያዘው ሰው ሥዕል በትልቁ አሣልኩ። ሠዓሊው ደሙን ሳይሰስት ነው የቀባው። ገበያ ደርሶ የሚመለስ ገበሬ ሁሉ እያየ ያማትብና አህያውን በጥድፊያ ይነዳል። ሥዕሉን ሳስነሣው ወሬው ቀድሞኝ ሰከላ ደርሷል።

በዚህ መሐል ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እስከ ቅዳሜ አርባ ሰው ካልተመዘገበ አዲሱ ማሽን ተነቅሎ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ የሚጭነው መኪናም ቅዳሜ ይመጣል ይላል። ማሽኑ ከሄደ የኔም ወንበር አብሮት እንደሚሄድ ለመረዳት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለገኝም። እውነቱን ልናገርና ያንገበገበኝ ግን ወንበሩ አልነበረም። ማሽኑ የገባ ቀን አገሬው ፊት ቆሜ፣ «ከእንግዲህ ልጆቻችሁ አይሰደዱም፣ እዚሁ ደጃችሁ ላይ ይሠራሉ» ብዬ ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያ ማሽን በዚያው ሕዝብ ፊት ተጭኖ ሲወጣ የት እገባለሁ?

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘላለም ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ሥልጠና ተመለሱ። ሥልጠና ደርሶ የተመለሰ አለቃ ታውቃላችሁ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል አይቻልም። ቢሮዬ ገብተው ጠረጴዛዬን መቱት።

«አሁን ሰው የሚቀጠረው በቪዲዮ ነው! ሠራተኛው ራሱ ይናገር። ያየው ሁሉ ልቡ ይነካ!»

«ማን ይቅረጸው?»

«እሱ ያንተ ሥራ ነው» አሉና ወጡ።

ከፍኖተ ሰላም ሙሉቀን የሚባል ቪዲዮ አንሺ አመጣሁ። እጁ የተመሰከረለት ነው። የሚያነሣው ግን ሁለት ነገር ብቻ መሆኑን ልብ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰርግና የሙት ዓመት።

ካሜራ ሊመጣ ነው ሲባል የተመረጡት አሥራ ሁለት ሠራተኞች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ወንዱ ጋቢ፣ ሴቱ ነጠላ። «በሥራ ልብስ ነው የምትነሡት» ብዬ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ! ባዜ የሚባለው የሊጥ ክፍል ሠራተኛ እንዲያውም ተቆጣኝ። «በቱታ ተነሥቼ እናቴ ታየኝ? ምን በደለችህ?» አለኝ። ባዜ ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች የአዊ መንደር የመጣ ልጅ ነው። የዋህ ነው፤ ሲቆጣ ግን አይቻልም።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ሙሉቀን ካሜራውን ደቀነ፣ እኔ ጠየቅሁ።

«ባዜ፣ ፋብሪካው እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው።»

«ከሥራህ የምትወደው ምኑን ነው?»

«እንግዲህ... መዋል ነው።»

«አለቆችህስ?»

«አሉ።»

«ገና ላልመጡት ወጣቶች ምን ትላለህ?»

ባዜ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። «የፈለገ ይመጣል፣ ያልፈለገ ይቀራል» አለ። የኛ አገር ሰው በገዛ ቤቱ አይኮራም። በልቶ ጠግቤያለሁ ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ ዞሮ ነው የሚናገረው፤ ካሜራ ፊት «ሥራዬ ግሩም ነው» ማለት ለሱ ነውር ነው። የበር ጠባቂያችን አያ ደሴ ደግሞ ሲጠየቁ፣ «እኔ የበሩ ነኝ ልጄ፤ የውስጡን የውስጦቹን ጠይቅ» ብለው ገላገሉኝ። ቀኑን ሙሉ ቀርጸን ያገኘነው ወሬ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ሙሉቀን ግን አልደነገጠም። «ንግግሩን እንጣለውና ፊታቸውን ብቻ እናሳይ። እኔ የምሠራበት መንገድ አለኝ፤ ልብ ይበላል» አለ። ሠራው። አሥራ ሁለቱም በየተራቸው፣ በነጭ ልብስ፣ ዝም ብለው፣ ቀስ እያሉ ከነጭ ደመና መሐል ብቅ ይላሉ። ከሥር ስማቸው፣ የትውልድ መንደራቸውና «ለአራት ዓመት በቅንነት ያገለገለ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከኋላ ዋሽንት ያንጎራጉራል። ርግብ ሳይቀር ትበራለች። «ደመናው ምንድን ነው?» አልኩት። «ብሩህ ተስፋ ነዋ!» አለኝ። አቶ ዘላለም በበኩላቸው መጨረሻው ላይ የሚጻፈውን ቃል ራሳቸው አዘጋጁ፤ «እናንተም ተቀላቀሏቸው! የነሱ ዕድል ለናንተም ይድረስ!»

ቢሮዬ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ እንባዬ መጣ። ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት። ወይ እኔ!

ዓርብ ከሰዓት በቴሌግራምም በቲክቶክም ለቀቅነው። አስተያየት መስጫውን ግን አቶ ዘላለም አዘግተውታል፤ ያለፈው ጊዜ ስለ ምሳ ቤታችን ሽሮ የተጻፈው ገና አልወጣላቸውም ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ሙሉቀን ደወለ። «አለቃ፣ አገር እያየው ነው! ሁሉም የሚያለቅሰውን ፊት እየተጫነ ነው!» አለኝ። «ልባቸው ተነክቷል ማለት ነው» አልኩና እጄን አፋተግሁ። ቀጥሎ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ዘጋው። ምን ዓይነት ጨዋ ሕዝብ ነው፣ ለሥራችን ብርታት ይመኝልናል ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ጠፋና ማንም ወደ ቡሬ መደወል አልቻለም።

ቅዳሜ ጠዋት ተመዝጋቢው ዜሮ ነው። መኪናውን እየጠበቅሁ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አያ ደሴ እያለከለኩ ገቡ።

«አለቃ፣ በሩ ላይ ለቅሶ መጥቷል።»

«የማን ለቅሶ?»

«እኔ እንጃ። ከማንኩሳ በኩል ሦስት አይሱዙ ሙሉ ሰው ነው የወረደው። የኔም ሚስት አለችበት።»

ተያይዘን ሮጥን። ከበሩ ውጭ ያለው ጩኸት አያድርስ ነው። በቀዳዳው ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወገቡን ታጥቋል፣ ወንዱ በዱላው ላይ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። «ማሽኑ በላብን! አሥራ ሁለቱን ባንድ ሌሊት!» ይላሉ። ያን ጊዜ ያ ዋሽንት፣ ያ ደመና፣ ያቺ ርግብ ባንድ ላይ በዓይኔ ላይ ዞሩ። የቅጥር ቪዲዮ መስሎኝ አሥራ ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ!

«አያ ደሴ፣ በሩን ይክፈቱ እንጂ!» አልኩ።

«ቆይ እስቲ አለቃ» አሉ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው። «ሚስቴ ስለኔ እየተናገረች ነው። ትጨርስ።»

እውነትም ሚስታቸው ወይዘሮ አለምነሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ «እኔን ደሴ! ክፉ ቃል የማይወጣህ! እንግዳ ወዳዱ! ጎረቤት የመረቀህ!» ይላሉ። አያ ደሴ እንባቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ ዓመት ስንኖር ይህን አንድ ቀን አልነገረችኝም፤ በሞቴ ትንሽ ልስማ» አሉኝ። ሚስታቸው ግን ቀጥለው፣ «ማንኮራፋትህ እንኳ ይናፍቀኛል!» ሲሉ አያ ደሴ በንዴት በሩን በረገዱት።

ወይዘሮ አለምነሽ ባላቸውን አዩ። አንድ ጊዜ ጮኹ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ካልሞትህ ምን ብለህ ነው ደመና ላይ የወጣኸው!» ብለው ተነሡባቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይበርዳል ስል ጭራሽ ባሰ። ውስጥ ያለው የሌሊት ፈረቃ ዋይታውን ሰምቶ፣ ሳይታጠብ፣ ከእግር እስከ ራሱ ዱቄት እንደለበሰ ግር ብሎ ወጣ። አስቡት! ሞቱ የተባሉት ሰዎች ፀጉራቸው ነጭ፣ ቅንድባቸው ነጭ፣ እጃቸውን እያርገበገቡ፣ «ምን ሆናችሁ?» እያሉ ወደ ለቀስተኛው ይሮጣሉ። ለቀስተኛው «በስመ አብ!» ብሎ እግሬ አውጭኝ አለ። ከአይሱዙው ሥር የገባ ጎልማሳ በኋላ ጎትተን ነው ያወጣነው።

ያልሸሸች አንዲት ሴት ብቻ ነች። የሺወርቅ ትባላለች፣ የባዜ ታላቅ እህት። ቀጥ ብላ ሄዳ ወንድሟን አገጩን ይዛ አገላብጣ አየችው። ሕያው መሆኑን ስታረጋግጥ በጥፊ አጮለችው። ከዚያ አቅፋው አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችው፤ መጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥሎ ሁላችንም እንዲገባን በአማርኛ። ዱቄቱ ፊቷ ላይ ተለጥፎ እሷም ነጭ ሆነች።

ሕዝቡ ፈራ ተባ እያለ ተመለሰ። የማንኩሳው እድር ዳኛ አያ ስማቸው ከመሐል ወጡ። በግራ እጃቸው ዱላ፣ በቀኝ እጃቸው የእድሩን ጡሩንባ ይዘዋል። «እነዚህን ልጆች ደመና ላይ የሰቀለ ማን ነው?» አሉ።

አቶ ዘላለምን ዞሬ ባያቸው የሉም። ዱቄት መጋዘን ገብተዋል። «እኔ ነኝ አያ ስማቸው» አልኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ማሽኑን፣ ደብዳቤውን፣ ዛሬ የሚመጣውን መኪና፣ ሰው ማጣቴን። በዱላ የምጀመርበትን ቦታ ስጠብቅ አንዲት ባልቴት ኪኪኪ ብለው ሳቁ። ሌላው ተቀበላቸው። ከዚያማ ምድሪቱ በሳቅ ተናወጠች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

አያ ስማቸው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ይሁን። ግን ድንኳናችን ወጥቷል፣ ንፍሮውም ተቀቅሏል። የወጣ ድንኳን ሳይተከል አይመለስም፤ የእድራችን ደንብ ነው» አሉ። ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል? ሰፊው ቦታ የፋብሪካው መግቢያ ነውና ድንኳኑ በሩን ዘግቶ ተተከለ። ንፍሮው ቀረበ፤ እኛም ብስኩት በካርቶን አወጣን። በብስኩት ንፍሮ የበላችሁ አላችሁ? ይሄዳል።

ሲቀማምሱ የሺወርቅ ድንገት ተነሣች። «ይኼን ሰው በላ ማሽን ሳላየው አልሄድም» አለች። «እውነቷን ነው!» አለ ሕዝቡ። አቶ ዘላለም ከመጋዘኑ ራሳቸውን አወጡና፣ «እንግዳ ወደ ማሽን ክፍል አይገባም! የዋናው መሥሪያ ቤት ደንብ ነው!» አሉ። ያን ጊዜ ውስጤ የነበረው ፍርሃት ሁሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። «ማሽኑ እንደሆነ ዛሬ ሊነቀል ነው፤ ቢያዩት ምን ይጎድልብናል? ዋናው መሥሪያ ቤት እኔን ይጠይቅ!» አልኩና በሩን ከፈትኩት።

አሥር አሥር አድርጌ አስገባኋቸው። ነጭ ካፖርትና ቆብ ስናለብሳቸው ጫማቸውን ራሳቸው በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ማሽኑን የሌሊት ፈረቃዎቹ ለማሳያ ያህል አስነሡት፤ ሊጥ ሲያቦካ፣ ሲዳምጥ፣ ሲቆርጥ ቆመው አዩ። «ይኸው ነው? ይኼማ እኛ ስንሠራው የኖርነው አይደለም እንዴ!» አሉ ሴቶቹ። የሺወርቅ ግን ጆሮዋን ቀስራ ቆመች።

«ይኼ ቀበቶው ላልቷል» አለች።

ሜካኒካችን ሳቀ። ከፍቶ ሲያይ ሳቁን ተወው። ቀበቶው ላልቷል።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«መንደራችን ያለውን የናፍጣ ወፍጮ አራት ዓመት ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ሲታመም በድምፁ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን አላመለከትሽም?» ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«ማን ጠራኝ?» አለች ዓይኔን እያየች። «ወረቀታችሁን የለጠፋችሁት ከተማ፣ ምሰሶ ላይ። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በሰው ነው።»

ይህን ያህል ዓመት የሰው ኃይል ኃላፊ ሆኜ እንዲህ ያለ ትምህርት የሰጠኝ የለም። ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ አስወጣሁና መዝገቤን ዘረጋሁ። አያ ስማቸውን ለብቻ ጠርቼ፣ «አያ፣ እባክዎ እርስዎ ይጥሩልኝ» ብዬ ለመንኩ። አያ ስማቸው ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፉት፤ ሰዉ ሁሉ ቀጥ አለ።

«ስሙ! ዛሬ የተጠራነው ለለቅሶ አልነበረም፤ ለሥራ ነው። አጠራሩ የጅል ነው፤ ቢሆንም ጥሪ ነው። ማሽኑን በዓይናችን አይተነዋል፣ ሰው አይበላም። ጉልበት ያለው፣ ሥራ የፈታ፣ ልጁን አዲስ አበባ ሊሰድ ያሰበ፣ እዚህ ጠረጴዛ ይቅረብ!»

የጅል መባሌን ያን ዕለት እንደ ሽልማት ነው የተቀበልኩት። መጀመሪያ የሺወርቅ ተመዘገበች። ከኋላዋ ሰልፉ ከድንኳኑ ወጣ። ወይዘሮ አለምነሽ እንኳ ተመዘገቡ፤ «እዚሁ አጠገቡ ሆኜ ካልጠበቅሁት ሌላ ቀን ደግሞ ደመና ላይ ይወጣል» አሉ። አያ ደሴ አልተቃወሙም።

ሠላሳ ስድስተኛውን ስጽፍ ያ የፈራሁት ረጅም መኪና መጣ። ሾፌሩ የመራዊ ሰው ነው። ድንኳኑን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ንፍሮ ተሰጠው። አብሮት የመጣው የዋናው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ይቁነጠነጣል።

«ግባና ማሽኑን ጫን እንጂ!»

«በለቅሶ ድንኳን ላይ መኪና አልነዳም» አለ ሾፌሩ ንፍሮውን እያኘከ።

«ማን ሞቶ ነው?» ብሎ መሐንዲሱ ወደኔ ዞረ።

«ትንሽ ይቆዩ፣ እየጻፍኩ ነው» አልኩት ቀና ሳልል። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ! ሰልፉ ግን አላለቀም ነበርና መጻፌን ቀጠልኩ። ሃምሳ ሰባተኛው ላይ ብዕሬን አስቀምጬ መዝገቡን ሰጠሁት። መነጽሩን አወለቀ። ኔትወርኩ ተመልሶ ኖሮ ወዲያው አለቃው ዘንድ ደወለ።

«ሃምሳ ሰባት ሰው ተመዝግቧል» አለ።

«ስንት?» ሲሉ እኔ ድረስ ተሰማኝ። «በቪዲዮው ነው?»

መሐንዲሱ ድንኳኑን አየ፣ ጡሩንባውን አየ፣ በዱቄት የነጣችውን የሺወርቅን አየ። «አዎ ጌታዬ፣ በቪዲዮው ነው። እያለቀሱ ነው የመጡት» አለ።

«ማሽኑ ይቆይ!» አሉ አለቃው።

ይህን ስሰማ የሆንኩትን ልደብቃችሁ አልችልም፤ ዘልዬ አያ ስማቸውን አቀፍኳቸው። አቶ ዘላለምም ከመጋዘኑ ወጥተው፣ ነጭ እንደሆኑ፣ «ሥልጠናው ፍሬ አፈራ!» እያሉ ሰውን ሁሉ ይጨብጡ ጀመር። ተውኳቸው። ደስታ ላይ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ አይሱዙዎቹ ቀድመው ሄደው ነበርና፣ ያ ማሽናችንን ሊወስድ የመጣው መኪና ለቀስተኞቻችንን ከነድንኳናቸው ጭኖ በማንኩሳ በኩል ተመለሰ። ላዩ ላይ እልልታና ጭብጨባ ነው፣ የእድሩ ጡሩንባም ያለ ማቋረጥ ይነፋል። ወሬው ዘግይቶ የደረሳቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በእግራቸው ገና ወደኛ የሚመጡ ሰዎች አስፋልቱ ዳር ነበሩ። ልትሸኛቸው የተሳፈረችው የሺወርቅ መኪናው ላይ ቆማ፣ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ለቅሶ አይደለም፣ ሥራ ነው! ሰኞ ጠዋት ኑ!» ብላ ስትጠራቸው እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰማኝ ነበር።